ማታ ማታ ጆሮዬ ውስጥ ዝዝዝ ይላል፣ ታወሩ ይሆን?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለች ጎረቤቴ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ዝዝታ ይሰማታል። እሷ የስልክ ታወሩን ትጠረጥራለች፣ ሰው ደግሞ "ጠበል ሂጂ" ይላታል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰው ሊደመጥ ይገባል ባይ ነኝ፤ ነገሩ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለማ።

ታወር የሚልከው ሬዲዮ ሞገድ ነው። ሬዲዮ ሞገድ እውነት ይሰማል? አዎ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራዳር አጠገብ የሚሠሩ ሰዎች ጭንቅላታቸው ውስጥ ጠቅታ ይሰሙ ነበር፤ አለን ፍሬይ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪም በ1962 እ.ኤ.አ. ጥናቱን አሳተመ። ቆርቆሮ ጣሪያ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ቋ ቋ ይል የለ? በሙቀት ሲለጠጥ ነው። እዚህም በማይክሮ ሰከንድ የሚቆጠር ኃይለኛ የሞገድ ምት ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ አንጎል ከአንድ ዲግሪ ሚሊዮንኛ ገደማ ብቻ ድንገት ይሞቃል፣ በዚያችው ቅጽበት ይለጠጣል፣ ግፊቱም በራስ ቅል በኩል ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል።

የስልክ ታወር ግን እንደ ራዳር ያለ ምት አይልክም፣ ቤታችሁ እስኪደርስም ሞገዱ በጣም ይደክማል። ስለዚህ ሌላ ቦታ እንፈልግ።

ጆሯችሁን በጣት ድፈኑ። ድምፁ ከቀነሰ ከውጭ ነው የሚመጣው። ቆጣሪውን አጥፉና አዳምጡ። ዝም ካለ ቤት ውስጥ ነው፤ መልሳችሁ አብሩና ፍሪጅ፣ ዲኮደር፣ ቻርጀር እያላችሁ አንድ በአንድ ንቀሉ። የጎረቤቴ ከቲቪው ጀርባ የተሰካ፣ ሲነኩት የሚያቃጥል የድሮ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ። ቆጣሪው ጠፍቶም ካላቆመ ውጭ ያለውን ትራንስፎርመር ወይም የታወሩን ጄኔሬተር አዳምጡ።

ስፒከሩ ብቻ "ትትት ትትት" ካለ ስልካችሁ አጠገቡ ነው። የቱጂ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ምት ይልካል፣ የስፒከሩ ገመድ ይቀበለዋል። ራቅ አድርጉት፣ በቃ።

ጆሮ ደፍናችሁም ካልቀነሰ፣ ዘመድ ቤት ስታድሩም ከተከተላችሁ፣ የሚጮኸው ጆሯችሁ ራሱ ነው። ኩክ ሊሆን ይችላል፣ የጭፈራ ቤት ጩኸት ወይም ብዙ አስፒሪንም ያመጣዋል። በክብሪት እንጨት አትጎርጉሩት፣ ጆሮ ሐኪም ይየው። በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም ከልብ ምታችሁ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ ቀጠሮ አታራዝሙ፤ መስማት ድንገት ከቀነሰ ደግሞ በዚያው ቀን ሂዱ።