ልጃችሁ በወንጀል ሲጠረጠር፦ ከጣቢያ እስከ ይግባኝ

ልጁ ተያዘ ሲባል ብዙ ወላጅ ሽማግሌ ፍለጋ ይሮጣል። ወሎ ደግሞ ሽማግሌ አይጠፋበትም። ዕርቁ ቂም ያበርዳል፤ መዝገቡን ግን ሁሌ አያዘጋም።

መጀመሪያ የዕድሜ ማስረጃ ያዙ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው በመደበኛ ቅጣት ሳይሆን በተለየ እርምጃ ይታያል፤ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋርም አይታሰርም። ከ15 አልፎ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ግን ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞትም አይፈረድበትም። የሚቆጠረው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ነው።

የልደት ሰርተፍኬት ከሌለ የክርስትና ወረቀት ፈልጉ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ወደኋላ መቁጠር ይቻላል። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ። መዝገቡን ግን አይታችሁ አቅርቡ፤ ልጁ ቶሎ ትምህርት እንዲገባ ዕድሜ የሚጨምር ወላጅ ሞልቷል! ጣቢያ የተጻፈው ዕድሜ ከተሳሳተ ወዲያው ለዳኛው ተናገሩ። የሐኪም ምርመራ እንዲታዘዝም መጠየቅ ትችላላችሁ።

በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ከ9 እስከ 15 ያለ ልጅ ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቀጠሮ ከተሰጠ ለወላጅ ወይም ለዘመድ ይሰጣል። አባት ለሥራ ርቆ ከሆነ አጎት ወይም አያት መታወቂያ ይዘው ይገኙ፤ «ልጁን እኔ ልረከብ፣ በቀጠሮው አቀርባለሁ» ብለው ይጠይቁ። ጉዳዩ በዝግ ስለሚታይ ሰፈርተኛ አትሰብስቡ፤ ከበር ይመለሳል።

ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበ፣ ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድባል። ዝም ከተባለ ጠይቁ።

እርምጃው ከተግሳጽ እስከ ማረሚያ ተቋም ሊደርስ ይችላል። ልጁ ትምህርት ላይ እንዳለ የሚገልጽ ደብዳቤ ካለ ከውሳኔ በፊት አስገቡ።

ውሳኔው ካልተዋጠላችሁ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለታችሁን አስታውቃችሁ ግልባጭ ጠይቁ። ግልባጩ እጃችሁ ከገባ በኋላ ማመልከቻውን በ30 ቀን ውስጥ አስገቡ። የወረዳ ውሳኔ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ደሴም ወልድያም አለ። ማመልከቻውን «ልጄ ጨዋ ነው» በሚል አትሙሉት። ዕድሜው በስህተት ተይዞ ከሆነ፣ ምስክራችሁ ሳይሰማ ቀርቶ ከሆነ፣ እሱን ጻፉ። ቀኑ ያለ ጥፋታችሁ ካለፈም ምክንያቱን አስረድታችሁ ለማስፈቀድ ማመልከት ይቻላል።