በስምንት ሥዕል ኳስ ማንጠር፦ የእጅ አኒሜሽን በኮምፒውተር እንዴት ይጀመራል?

አኒሜሽን መማር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ከከባዱ ይጀምራል። የሚራመድ ሰው፣ የሚናገር ፊት ልሥራ ይላል። ለፍቶ ለፍቶ አልሆን ሲለው ይተወዋል። እኔ የምመክረው በኳስ እንድትጀምሩ ነው። ክብ መሳል ማንንም አያቅትም፤ ስለዚህ ሐሳባችሁ ሁሉ እንቅስቃሴው ላይ ይሆናል። እንቅስቃሴ ደግሞ የሚፈጠረው በአንዱ ሥዕልና በቀጣዩ መካከል ባለው ርቀት ነው። ሥዕሉ ቢያምርም ርቀቱ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ።

አኒሜሽን መሥራት የሚችል ማንኛውም የሥዕል ሶፍትዌር ይሆናችኋል። እኔ የምጠቅሰው ክሪታን ነው። ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ዲጂታል ብዕር ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ማውስ ይበቃል።

1000 በ1000 ፒክስል የሆነ ባዶ ገጽ ክፈቱና ሁለት ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር የሥዕል ንጣፍ) አዘጋጁ። በታችኛው ሌየር ላይ፣ ከገጹ ግርጌ 100 ፒክስል ከፍ ብላችሁ አግድም መስመር አስምሩ። መሬታችን እሱ ነው። የላይኛው ሌየር ለኳሷ ብቻ ይሁን፤ አለዚያ መሬቱን በየሥዕሉ ስትስሉ ልትውሉ ነው።

ፍጥነቱን በሴኮንድ 24 ፍሬም (በተራ የሚታይ ምስል) አድርጉት። 24 ሥዕል ግን አይጠበቅባችሁም። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆያችሁት በሴኮንድ 12 ይበቃል፤ በእጅ የሚሳል አኒሜሽን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው። ክሪታ ፍሬም የሚቆጥረው ከ0 ስለሆነ፣ ስምንቱ ሥዕሎች 0፣ 2፣ 4 እያሉ እስከ 14 ይቀመጣሉ። የአኒሜሽኑ መጨረሻ ፍሬም 15 ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የምትወድቅ ኳስ እየፈጠነች ነው የምትወርደው። በእኩል ጊዜ ውስጥ የምትወርደው ርቀት 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ያድጋል። ጋሊሊዮ ያገኘው ሕግ ነው፤ እኛንም ከብዙ ግምት ያሳርፈናል። አራቱ ሲደመሩ 16 ይሆናሉ። ኳሷ 640 ፒክስል ትወርዳለች ካልን፣ አንዱ ድርሻ 40 ፒክስል ነው።

160 ፒክስል ስፋት ያላት ኳስ ሳሉ፤ የታችኛው ጫፏ ከመሬቱ 640 ፒክስል ይራቅ። ሥዕል 1 ይህ ነው። በሥዕል 2 ኳሷ 40 ፒክስል ትወርዳለች፣ በ3 ሌላ 120፣ በ4 ሌላ 200። በሥዕል 5 የቀረውን 280 ወርዳ መሬት ትነካለች። ስትስሉ ኦኒየን ስኪን የሚባለውን አብሩ፤ በታይምላይኑ (ፍሬሞቹ በተራ በሚደረደሩበት ሰሌዳ) ላይ ከሌየሩ ስም ጎን ያለችው አምፖል ናት። ያለፈው ሥዕል ደብዘዝ ብሎ ስለሚታያችሁ ርቀቱን በዓይናችሁ ታመዛዝናላችሁ።

መውጣቱ ቀላል ነው። ሥዕል 4ን ለ6፣ 3ን ለ7፣ 2ን ለ8 ኮፒ አድርጉት። 1ን ግን መጨረሻ ላይ አትድገሙት። ዙሩ እንደገና ሲጀምር በራሱ ይመጣል፤ ከደገማችሁት ኳሷ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች።

አጫውቱት። ትነጥራለች፣ ግን እንደ ብረት ደረቅ ናት። ሥዕል 5 ላይ ጠፍጠፍ አድርጓት፦ ስፋቷ 200፣ ቁመቷ 128። 4 እና 6 ላይ ደግሞ ሳብ አድርጓት፦ ስፋት 128፣ ቁመት 200። ቁጥሮቹ እንዲሁ የመጡ አይደሉም። 200 በ128 ሲባዛ 25,600 ነው፤ 160 በ160ም ያው ነው። በአንድ በኩል ስትጨምሩ በሌላው ካልቀነሳችሁ ኳሷ በየፍሬሙ የምትነፋና የምትከሳ ትመስላለች። ስትጠፈጠፍም የታችኛው ጫፏ ከመሬቱ አይላቀቅ።

አንድ የምወደው ነገር አለ። ይህች ኳስ መሬት ለመድረስ የሚፈጅባት የሴኮንድ አንድ ሦስተኛ ነው። በእውኑ ዓለም አንድ ዕቃ በዚያ ጊዜ የሚወርደው ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ዓይናችን ይህን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ኳሷን ትንሽ አድርጎ ያያታል። ትልቅ እንድትመስል ከፈለጋችሁ ሥዕል ጨምሩ። መውረጃውን በ8 ሥዕል ብታደርጉት ድርሻዎቹ ከ1 እስከ 15 ያሉት ጎዶሎ ቁጥሮች ይሆናሉ። ድምራቸው 64 ስለሆነ አንዱ ድርሻ 10 ፒክስል ነው። የኳሷ መጠን ሳይነካ፣ ሁለት ሜትር ያህል የወደቀች ትመስላለች።

መካከለኛዎቹን ሥዕሎች በራሱ የሚሞላ ሶፍትዌር አለ። ለጊዜው አትንኩት። ርቀቱን እኩል ካከፋፈለው ኳሷ ክብደት ታጣለች፤ በእጃችሁ ካልሠራችሁት ደግሞ የጎደለው ምን እንደሆነ አታውቁትም።

ሲያልቅ ከፋይል ሜኑ ሬንደር አኒሜሽንን ምረጡ። ጂፍ የሚባለው የፋይል ዓይነት ራሱን እየደገመ ይጫወታል፤ በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ ስለማይዝ ግን ለእንዲህ ያለ ወጥ ቀለም እንጂ ለለስላሳ ጥላ አይመችም። ኤምፒ4 ቀለሙን በደንብ ይይዛል። አንዱ ዙር ሴኮንድ እንኳ ስለማይሞላ፣ በኤምፒ4 ስታወጡት ዙሩን አሥር ጊዜ ያህል ደጋግሙት።