የጥንታዊት ገጠር ቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ለማጥናት

በመካከለኛው ዘመን የተተከለችን የገጠር ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሕንፃው ይጀምራል፤ ሕንፃው ግን በዕድሜ ከደብሩ ሊያንስ ይችላል። ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. በቆየው በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ስለተቃጠሉ፣ የሣር ክዳን ያላቸውም በየጊዜው ስለታደሱ፣ የግድግዳው ዕድሜ ደብሩ የተተከለበትን ዘመን አያረጋግጥም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በዕቃ ቤት የሚቀመጠው ወንጌል ነው። የደብሩን አስተዳዳሪና ቄሰ ገበዙን አስፈቅደው፣ ግእዝ አጥርቶ የሚያነብ መሪጌታ ከጎንዎ አድርገው፣ ባዶ ገጾቹንና ኅዳጎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። የጉልት፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሬት፣ ስጦታ በዚያ የሚጻፈው ማንም ሊፍቀው የማይደፍር መጽሐፍ ስለሆነ ነው፤ የንጉሡና የጳጳሱ ስም፣ ወንዝና ተራራ እየጠራ የሚዘረዝረው ወሰን፣ የምስክሮች ስም፣ በመጨረሻም መሬቱን የሚነጥቅ ሰው «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ» የሚወገዝበት ቃል ይገኝበታል። ዘመኑ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው በዓመተ ዓለም ከተቆጠረ 5500 ይቀንሱ፤ 6773 ቢል 1273 ዓ.ም. ማለት ነው። ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥ ጀምሮ በሚቆጠረው በዓመተ ሰማዕታት ከሆነ ደግሞ 276 ይደምሩ። የጽሑፉ እጅ ከንጉሡ ዘመን በኋላ የመጣ ከመሰለ ከቀድሞ መዝገብ የተገለበጠ ሊሆን ስለሚችል፣ በእርሱ ብቻ አይደምድሙ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎች ይሂዱ። «መቼ ተተከለች?» የሚለው ጥያቄ በእኔ ግምት ከሁሉ ያነሰ ፍሬ ያለው ነው፤ መልሱ አብርሃ ወአጽብሓ ወይም ላሊበላ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይልቁንም የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከመውጣቱ በፊት የትኛውን ማሳ ማን ይዞት እንደነበር፣ በምላሹም ቅዳሴ፣ ማኅሌት ወይስ ሌላ አገልግሎት ይሰጥ እንደነበር ይጠይቁ፤ የማሳው ስም በወንጌሉ ከተጻፈው ወሰን ጋር የገጠመ እንደሆነ ሁለቱ ምስክሮች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ሰንበቴ የሚጠጣው የትኞቹ ቤተሰቦች በተራ እየደገሱ እንደሆነ፣ ደም የተቃቡ ወገኖች በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚታረቁ፣ የአብነት ተማሪዎች ከየት አገር እንደሚመጡ፣ ከቅጥሩ ዛፍ ለመቁረጥ ማን እንደሚፈቅድም ይመዝግቡ።

ወደ መቅደስ ለመግባት አይጠይቁ፤ የብራና ፎቶ ለማንሳትም ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለደብሩ ያስረክቡ።