በሰውነት ላይ የሚታሰር መንገድ ጠቋሚን ከነጭ በትር ጋር መጠቀም

በእጅ አንጓ ወይም በደረት ላይ የሚታሰረው መሣሪያ በትሩን የሚተካ ሳይሆን በትሩ የማይደርስበትን፣ ማለትም ከወገብ በላይ ያለውን የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የተከፈተ መስኮት ወይም የቆመ የጭነት መኪና መስታወት የሚጠቁም በመሆኑ፣ ልምምዱን በትርዎን እንደያዙ ይጀምሩ።

በአልትራሳውንድ የሚሠራው ዓይነት ከ20,000 ኸርዝ በላይ የሆነ፣ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን ይጠብቃል፤ 2 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ማሚቶው የሚመለሰው በ12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በመጀመሪያ በሚያውቁት ክፍል ውስጥ መሣሪያው በንዝረት የሚጠቁምበትን ርቀት 1 ሜትር ላይ ያስተካክሉና ንዝረቱ እስኪሰማዎ ድረስ ወደ ግድግዳው በዝግታ ይራመዱ፤ ከዚያም ቆመው እጅዎን በመዘርጋት ግድግዳውን ይንኩ። ክንድዎ የንዝረቱን ትርጉም የሚለምደው በዚህ ድግግሞሽ ስለሆነ በችኮላ እንዳያልፉት አጥብቄ እመክራለሁ። የእጅጌዎ ጫፍ ሴንሰሩን፣ ማለትም ድምፁን ልኮ ማሚቶውን የሚቀበለውን ክፍል፣ ከሸፈነው ንዝረቱ አይቋረጥምና እጅጌዎን ሰብሰብ ያድርጉ።

ጉድጓድንና ቁልቁል የሚወርድ ደረጃን ግን ብዙዎቹ መሣሪያዎች ስለማይለዩ፣ እዚያ የሚታመነው በትሩ ነው።

መሣሪያው በጂፒኤስ አቅጣጫ የሚናገር ከሆነ፣ የመኪና ድምፅ እንዳያመልጥዎ ጆሮን በማይደፍን፣ ድምፅን በአጥንት በኩል በሚያስተላልፍ ማዳመጫ ይስሙት፤ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ሊስት ስለሚችልም «ደርሰዋል» ሲልዎ በሩን በበትርዎ ፈልገው ያረጋግጡ።