ሐሳቤ በየደቂቃው መበታተኑን ያስቆምኩበት መንገድ

ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ወይም ሪፖርት ለማዘጋጀት በተቀመጥኩ ቁጥር፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሐሳቤ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄድ ነበር፤ ስመለስም ያነበብኩትን አንቀጽ እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ግድ ይሆንብኝ ነበር።

በመጀመሪያ የስልኬን ማሳወቂያዎች በሙሉ ዘጋሁ። ድምፁ ቢጠፋም እጄ ስልኩን ማንሣቱን አልተወም። ቀጥሎ ፍራንቼስኮ ሲሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመሩትን ፖሞዶሮ፣ ማለትም 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ የማረፍን ዘዴ ሞከርኩ፤ ለአጫጭር ሥራዎች ጥሩ ቢሆንም፣ በከባድ ንባብ ጊዜ ግን ደወሉ የሚጮኸው ገና ሐሳቤ ሲሰበሰብ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ሐሳቤን የሚወስደው ምን እንደሆነ በወረቀት ላይ መመዝገብ ስጀምር ነው። አብዛኛው ከስልኩ የመጣ ሳይሆን፣ ጀምሬ ያልጨረስኩት ሥራ ወይም ያልመለስኩት መልእክት ነበር። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ስንሸጋገር የትኩረታችን ከፊል በቀድሞው ሥራ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ አንድን ሥራ አቋርጬ ከመነሣቴ በፊት፣ የት እንደደረስኩና ስመለስ ከየትኛው ነጥብ እንደምቀጥል በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። በመሃል ድንገት ትዝ የሚለኝን ጉዳይም የምፈጽምበትን ሰዓት ጨምሬ እዚያው ወረቀት ላይ አሰፍረዋለሁ፤ ሰዓቱን መጻፍ ወሳኝ ነው፣ ጉዳዩን ብቻ በመዘገብኩባቸው ቀናት ሐሳቡ ደጋግሞ ይመለስብኝ ነበርና። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። ወረቀቱን በስልክ መተግበሪያ መተካትን አልመክርም፤ ማስታወሻ ለመጻፍ የተከፈተ ስልክ የሚጠብቁ መልእክቶችንም አብሮ ያሳያል።