ስጦታ ስንጠልፍ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንዲት ካፌ ውስጥ እንገናኛለን። አሥራ ሁለት ነን፣ ስምንታችን ወንዶች። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የታክሲ ሹፌር አለ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ አሉ። ማኪያቶ እናዝና ክርና መርፌያችንን እናወጣለን። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና፣ ዕጣ ተጣጥለን በእጃችን የጠለፍነውን ስጦታ እንለዋወጣለን። ማን ለማን እንደደረሰ እስከ ቀኑ አይወራም።

አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያንኑ ስህተት አያለሁ። ባለፈው ቅዳሜም አየሁት። አሁንስ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

"እህቴ ናት የሠራችው"

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰውዬው ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት እያመሸ ይጠልፋል። ስጦታው ሲከፈት ቤቱ በሙሉ "ውይ ሲያምር! ማን ሠራው?" ይላል። እሱ አቀርቅሮ "እህቴ ናት" ይላል። ወይም "ገዝቼው ነው"።

እኔም ዋሽቼ አውቃለሁ። በ2009 ዓ.ም. ለእንቁጣጣሽ ለአክስቴ የትራስ ልብስ ጠለፍኩላት። ነጭ ጨርቅ ላይ አደይ አበባ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ቅጠል። እንግዳ ሞልቶ ነበር። "እጁ ይባረክ፣ ማነው የጠለፈው?" ስትል አፌ ቀደመኝና "እህቴ" አልኩ። እህቴ እዚያው ቡና እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። በዓመቱ አክስቴ ልጇን ልትድር ሆነ። እህቴን ጠርታ "ለሙሽሮቹ ሁለት ትራስ ጥለፊልኝ፣ ልክ እንደዚያኛው" አለቻት። እህቴ የወለቀ ቁልፍ እንኳ መትከል አትወድም። ወደ እኔ መጥታ "በራስህ አፍ ተናገር፣ ያንተን ዕዳ አልሸከምም" አለችኝ።

ሄጄ ተናገርኩ። አክስቴ የመለሰችልኝ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። "አባቴ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሸማ እየሠራ ነው ያሳደገን። ከሸማኔ ቤት ወጥተህ በክር ታፍራለህ?"

እውነቷን ነው። ሽሮ ሜዳ ሂዱና እዩ። ጥጡን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፣ ሸማውን የሚሠሩት ግን በአብዛኛው ወንዶች። በበዓል ቀን እናቶቻችንን የሚያስውበው ጥበብ ከወንድ እጅ ነው የወጣው። በስፌት መኪና የሐበሻ ቀሚስ ከሚጠልፉትም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ወንድ ለእንጀራው መርፌ ሲይዝ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለደስታው ሲይዝ ምን ያስደብቀዋል? ደግሞም ውሸቱ ተቀባዩን ያታልለዋል። ምስጋናው የማይገባው ቤት ይገባል። "እኔ ነኝ የጠለፍኩት" በሉ። ሌላ ማብራሪያ አይጨመርበት።

ለወንድ ሲደርስ ጥልፉን መተው

አንዱ ልጅ ዕጣው ለወንድ ደረሰውና ቀበቶ ገዝቶ መጣ። "ለወንድ ጥልፍ ምን ያደርግለታል?" አለ። ቀበቶ የደረሰው ሰው ለሌላው ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲጠልፍ የከረመ ነው። ፊቱን አይቼዋለሁ፣ በጣም ከፍቶት ነበር። ለወንድ የሚሆን ሞልቷል፦ ዕልባት፣ የመነጽር ማኅደር፣ የስኒ ማስቀመጫ፣ ጠርዙ ላይ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ያለበት መሀረብ።

ስም በግምት መጥለፍ

በአማርኛ ስም መጥለፍ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐና፣ ሃና፣ ሀና። ፀጋዬ፣ ጸጋዬ። ሲነበቡ አንድ ናቸው፣ ለባለቤቱ ግን አንድ አይደሉም። እኔ "ሃና" ብዬ ጠልፌ ሰጠሁ። በደስታ ተቀበለችኝ። ከወር በኋላ ደብተሯ ላይ በራሷ እጅ "ሐና" ብላ ጽፋ አየሁ። አንድ ቀን ስሟን አስጽፌያት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ዕጣው እንዳይነቃ ከፈለጋችሁ ሁሉንም ሰው ስሙን ወረቀት ላይ አስጽፉት። እኛ አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የፊደሉ መጠንም አለ። በመስቀለኛ ስፌት በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ሁለት ስፌት አቋርጠን አንድ መስቀል እንሠራለን። ከውጭ የሚመጡት ንድፎች ግን ለላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው። የእኛን ራሳችን ባለ ካሬ ደብተር ላይ መሳል አለብን። "ለ"ን እንውሰድ። "ሉ" ቀኝ እግሩ መሐል ላይ ቅጥያ አለው፣ "ሊ" ከእግሩ ግርጌ። "ሌ" ደግሞ ግርጌው ላይ ቀለበት አለው። ቀለበቱ ቀለበት እንዲመስል መሐሉ አንድ ካሬ ባዶ መቅረት አለበት። ስለዚህ ቀለበቱ ብቻውን ሦስት በሦስት ካሬ ይበላል። ፊደሉን አምስት ካሬ አድርጋችሁ ከጀመራችሁት "ሌ" የተቋጠረ ክር ይመስላል፣ "ሉ" እና "ሊ"ም አይለዩም። ቁመቱን ከዘጠኝ ካሬ አታሳንሱ። ካሬ ካሬ ሆኖ በተሸመነው፣ በኢንች 14 ካሬ ባለው አይዳ ጨርቅ ላይ ይሄ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

የፋሲለደስ ግንብ

ጀማሪ ሁሉ ትልቅ ነገር ይመኛል። ስሜቱ ይገባኛል፣ ደስም ይለኛል። ግን ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩት። አንድ ልጅ ለገና የፋሲለደስን ግንብ ልጥለፍ ብሎ ተነሳ። ንድፉ በአግድም 200፣ በቁመት 150 ካሬ ነበር። በዚሁ በ14ቱ አይዳ ሲሆን 36 በ27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሲያዩት አያስፈራም። ሲባዛ ግን 30,000 መስቀል ነው። እኔ ስንት ዓመት ጠልፌም በሰዓት 120 ያህል ነው የምጨርሰው። ይሄ 250 ሰዓት ማለት ነው። ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሠራ አራት ወር ያልፋል። ዕጣ የምናወጣው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው፣ ገና ታኅሣሥ 29።

አልደረሰለትም። የከፋው ለማንም አለመናገሩ ነው። በዕለቱ ሁሉም ስጦታውን ሲከፍት አስተማሪያችን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። "ግድ የለም ልጄ፣ ይደርሳል" አሉት። ልጁ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቀረ፣ እኛው ሄደን መለስነው። ጎበዝ እጅ አለው፣ ዛሬ ከመካከላችን ጥሩ ከሚጠልፉት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ደንብ አወጣን። ስጦታ ከስንዝር በስንዝር አይበልጥም። በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግማሽ ያልደረሰ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ይረዳዋል።

ሸማን እንደ አይዳ መቁጠር

በሸማ ላይ መጥለፍ እወዳለሁ። ግን የእጅ ሥራ ነውና ድሩና ማጉ እኩል አይሄዱም። ሹፌራችን ኳስ ለሚወድ ጓደኛ ኳስ ጠለፈ። ክር እየቆጠረ በጥንቃቄ ነው የሠራው። ሲያልቅ ኳሱ እንቁላል ሆነ። በአንዱ አቅጣጫ ክሩ ተጠጋግቶ፣ በሌላው ሳሳ ብሎ ነበር። ከመጀመራችሁ በፊት በድሩም በማጉም አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ክሩን ቁጠሩ። ከተለያየ የሚቆጠር ንድፍ ተዉት። ሐረግና ቅጠል በሰንሰለት ስፌት ጥለፉበት፣ በጣም ያምርበታል። ደግሞ ጨርቁን አስቀድማችሁ እጠቡት። ውኃ ያልነካው ሸማ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና ጥልፉን ያጨማድደዋል።

ቋጠሮ

የተቀባዩ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ጥልፉን ገልብጦ ወደ ማየት ነው። እዚያ ቋጠሮ ተደርድሮ ያገኘዋል። ሲተኮስ ደግሞ እያንዳንዱ ቋጠሮ ከፊት በኩል ጎልቶ ይወጣል። መላው ቀላል ነው። የጥልፍ ክር ከስድስት ቀጫጭን ክር የተገመደ ነው። አንዷን ብቻ ሁለት ክንድ አድርጋችሁ ቁረጡና እጠፏት። ሁለቱን ጫፍ በመርፌው ዓይን አስገቡ። ከጀርባ ወደ ፊት ስታወጡ የታጠፈውን ጫፍ ከኋላ አስቀሩት። መርፌው ወደ ኋላ ሲመለስ በዚያ ማጠፊያ ውስጥ አሳልፉትና ሳብ አድርጉ። ያዘ። ቋጠሮ የለም፣ ለ14 አይዳ የሚበቃው ሁለት ክርም ተገኘ። ሲያልቅ ጫፉን ከኋላ ባሉት ስፌቶች ሥር አሳልፋችሁ ቁረጡት።

ከአንድ ክንድ የረዘመ ክር ይላጫል፣ ይጠላለፋል። አትስነፉ፣ ቶሎ ቶሎ ለውጡ።

የመስቀሉ የላይኛው ክር ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጋደም። የተዘበራረቀ ጥልፍ ብርሃን ሲያርፍበት ቡራቡሬ ይመስላል፣ ሰው ግን ምክንያቱን አያውቀውም።

በእስክሪብቶ አትንደፉ።

ቀይ ክር

ቀይ ክር ይለቃል። በተለይ ከየት እንደመጣ ያላወቃችሁት። ከመጥለፋችሁ በፊት ክሩን አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጉት። ጨርቁ ከቀላ፣ ነጭ ላይ አትጥለፉበት። አስተማሪያችን ለገና ያዘጋጁትን የእጅ ፎጣ ጨርሰው በሙቅ ውኃ ቢነክሩት ነጩ በሙሉ ሮዝ ሆነ። ቀለሙ መልቀቅ ከጀመረ አታስጡት፣ አትተኩሱት። ሳይደርቅ ውኃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት። አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ከደረቀ ግን ማስለቀቁ በጣም ከባድ ነው።

መብራት ሲጠፋ

በስልክ መብራት ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ አይለዩም። እኔ ግማሽ ክንፍ በተሳሳተ ክር ጠልፌ ጠዋት ፈትቼዋለሁ። መብራት ከጠፋ ነጭ ወይም ቢጫውን ሥሩ፣ ወይም ተኙ።

ሳይጠይቁ መስቀል መጥለፍ

መስቀል ለብዙዎቻችን የሚያምረን ንድፍ ነው። ከመካከላችን ግን ሙስሊም አለ፣ ፕሮቴስታንትም አለ። ዕጣው ለማን እንደደረሰ አስባችሁ ምረጡ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ደግሞ ደማቅ ቀለም አታብዙበት።

ከጀርባው ስም አለመተው

ብዙ ወንዶች ይሄን ይዘሉታል፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ስህተት ጋር አንድ ነው። ስማችሁን ወይም የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደልና ዓመተ ምሕረቱን ከጥጉ በትንሹ ጥለፉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የአክስቴ ትራስ ላይ ስም አልነበረም። ባለፈው እንቁጣጣሽ ክርና መርፌ ይዤ ሄድኩ። ቢጫው ትንሽ ደብዝዟል፣ አረንጓዴው ግን እንዳለ ነው። የትራሱን ልብስ አውልቃ ሰጠችኝ። እሷ ቄጤማውን እየጎዘጎዘች፣ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስሜንና 2009ን ጠለፍኩበት። እህቴ ቡና እየቀዳች ነበር።