ግቢ ውስጥ የሌለ ተማሪ እንዴት ይምረጥ? የምርጫ ኮሚቴዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

የተማሪዎች ህብረት ምርጫ ሲደርስ ግቢ ውስጥ የማይገኝ ተማሪ ብዙ ነው። አንዱ ኢንተርንሺፕ ወጥቷል። ሌላዋ ታማ ቤቷ ተኝታለች። የርቀት ተማሪዎችማ ድሮም የሚያስታውሳቸው የለም። እነዚህን ሁሉ ማስመረጥ ይቻላል። ግን ኮሚቴዎች ደጋግመው የሚወድቁባቸው ቦታዎች አሉ።

የመጀመሪያውና የከፋው የጊዜ ሰሌዳው ነው። ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው ዕጩዎች ይጸድቃሉ። ከዚያ ወረቀት ይታተማል፤ በፖስታ ይላካል። ሄዶ እስኪመለስ አሸናፊው ሥራ ጀምሯል! ስለዚህ ቀኑን ከቆጠራው ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፖስታው ለመመለስ ስንት ቀን ይፈጃል? ለመሄድስ? ዕጩዎች መጽደቅ ያለባቸው ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። «እስከ ዓርብ» የምትለው ቃልም ጣጣ አላት። እስከ ዓርብ ፖስታ ቤት የገባ ነው ወይስ ኮሚቴው እጅ የደረሰ? ቀድሞ ካልተጻፈ፣ ሰኞ የመጡትን ፖስታዎች ከበው ሲጨቃጨቁ መዋል ነው።

ማስረጃ ማብዛትም አለ። የሐኪም ወረቀት፣ የድርጅት ደብዳቤ፣ ማህተም። የታመመ ሰው ለአንድ ድምፅ ብሎ ይሄን ሁሉ አይዞርም፤ እኔም ብሆን አልዞርም። ስሙ የመራጮች መዝገብ ላይ ካለ ይበቃል።

ሚስጥር መጠበቅ ላይ ደግሞ ብዙዎች ይዘናጋሉ። «ቅጹን ሞልታችሁ በኢሜይል ላኩ» ይላሉ። ኢሜይሉን የሚከፍተው ሰው ስሙንም ምርጫውንም አንድ ላይ ያያል። መፍትሔው የቆየ ነው፤ ሁለት ፖስታ። የውጪው ላይ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ፊርማ ይሰፍራል። የውስጠኛው ላይ ምንም አይጻፍም፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። በውጪው ፖስታ መራጩ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከርና ምልክት ይደረግበታል። የውስጠኛው ሳይከፈት ሳጥን ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ይደባለቃል፣ ከዚያ ይከፈታል። ምልክቷ ሁለት ጊዜ መምረጥንም ትከላከላለች።

አንድ ጊዜ ቆጠራ ላይ ተቀምጬ፣ ከአንድ ክፍል በፖስታ የመጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ለብቻው ተቆጠረ፤ ውጤቱም ለብቻው ተለጠፈ። ልጅቷ ማንን እንደመረጠች ግቢው በሙሉ አወቀ። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን አፈርኩ። ጥቂት ከሆኑ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላችሁ ቁጠሩ።

ውክልናን እንደ ቀላል መንገድ የሚያዩት አሉ። ተወካዩ የተባለውን መምረጡን ግን ማን ያያል? ፈረንሳይ በማጭበርበር ምክንያት በፖስታ መምረጥን እ.ኤ.አ. በ1975 አስቀርታ በውክልና ነው የምትሠራው። እዚያም ቢሆን አንድ ሰው የሚይዘው ውክልና በቁጥር የተገደበ ነው። እናንተም ገደብ አብጁ። አለበለዚያ አንድ ዕጩ የሃያ ሰው ውክልና ሰብስቦ ይመጣል።

ኢንተርኔት ላይ የሚደረግ ምርጫ የራሱ ችግር አለው። ሊንኩ የሚላከው በትምህርት ቤቱ ኢሜይል ነው። ከግቢ ከራቀ የቆየ ተማሪ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ረስቶታል። ከሳምንት በፊት የሙከራ መልእክት ላኩና መልስ ያልሰጠውን ፈልጉት። የመዝጊያው ሰዓት የየትኛው አገር እንደሆነም ጻፉ። ሰው አጠገቡ ቆሞ «እከሌን ምረጥ» የሚለው ተማሪስ? ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት የመረጠ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ እንደገና እንዲመርጥ ትፈቅዳለች፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው። ሲስተማችሁ ከቻለ ኮርጁ።

ፊርማ ረስቶ የሚልክም አይጠፋም። ብዙ ኮሚቴ ፖስታውን «ዋጋ የለውም» ብሎ ይጥለዋል። ያ ተማሪ የሠራው ጥፋት መርሳት ብቻ ነው። ከቆጠራው በፊት ሁለት ቀን ትርፍ ያዙና ደውሉለት።